«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከወላጆቻችን ጋር እንየው

ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶቻችን በእግር ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ ዊልሸር ጥግ ላይ የአካዳሚውን የፊልም ሙዚየም ታገኛላችሁ። ሙዚየሙ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከሸለማቸው ሰዎች አንዱ የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ ነው። በእኔ ዕድሜ ካሉት ጓደኞቼ ግን ፊልሞቹን ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ይህ መለወጥ አለበት እላለሁ።

ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረፀው እንደኛው የሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ.፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በዕረፍት ጊዜው አገር ቤት ሄዶ ቀረፀው። በዩሲኤልኤ ከእነ ቻርልስ በርኔት ጋር «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የተባለው የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ አባል ነበር። ፊልሙ በ1976 ሎካርኖ ላይ ተሸለመ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቦሎኛ ውስጥ ታደሰ።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ ገበሬው ያርሳል።

ትልልቆቹ ሁለት ቅሬታ ያነሳሉ፦ «ይንቀራፈፋል»፣ «ድህነታችንን ለምን ለሰው እናሳያለን?» ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩልም ይፈጃል። ነገር ግን ቁም ነገሩ ዝግታው ላይ ነው። ነርሲንግ ስንማር በሽተኛን ከመንካታችን በፊት በደንብ እንድናየው ይነገረናል፦ አተነፋፈሱን፣ አረማመዱን፣ ፊቱን። የኃይሌ ካሜራም እንዲህ ያያል። ከሩቅ ሆኖ ሰዉን በሰፊው ማሳ ላይ እንደ ጉንዳን ያሳየናል፤ ቀርቦ ደግሞ የጎበጠ ጀርባና የደከመ ፊት ላይ ይቆያል። በ1984 ዓለም ያየው የረሃብ ምስል ሰዎቻችንን በአብዛኛው ዝም አሰኝቶ አሳየን። እዚህ ግን ይከራከራሉ። እብድ የሚባለው ከበበ እንኳ እውነቱን የሚናገረው በአማርኛ ነው።

እዚህ ያደግን ልጆች አብዛኛው አማርኛችን የማዕድ ቤት አማርኛ ነው፤ የመሬትና የፍትሕ ቃላት ያንሱናል። በየቤታችንም ስለ መሬት ብዙ አይወራም፤ የአንዳችን አያት ጭሰኛ፣ የሌላችን ባለርስት ነበሩና። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1965 አደባባይ የወጡት ግን የእኛው እኩዮች፣ ተማሪዎች ነበሩ።

ስለዚህ ማኅበራችን ፊልሙን አንድ ቅዳሜ ያሳየን። ወላጆቻችን ይጋበዙ፣ ቡና ይፈላ፣ ከዚያ እንጠይቃቸው፦ እናንተ የማን ልጆች ነበራችሁ?