ሐዲዱ በየወሩ ምን ይጫን?

በከሚሴ ዙሪያ የማሽላው አዝመራ ሲገባ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች ይበዛሉ። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግን ዛሬም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም።

ይህ እትም «መቼ ይጀምራል?» ብሎ አያበቃም፤ ሲጀምር በየወሩ ምን እንደሚጭን ይጠይቃል። እህል ብቻ የሚጠብቅ መስመር ከአጨዳ በኋላ ፉርጎ ያጥረዋል፤ በክረምት ሥራ ይፈታል። በካናዳ ሜዳዎችም ብዙ የእህል ቅርንጫፍ መስመሮች የተዘጉት ገቢያቸው ወጪያቸውን ስላልሸፈነ ነው።

የእኛ ዕድል እህል ያደረሱት ፉርጎዎች በሚመለሱበት ጉዞ ላይ ነው፤ በጂቡቲ የሚገባው ማዳበሪያ ከዘር በፊት መድረስ አለበት። ለዚህም ከሐዲዱ አጠገብ መጋዘን ያስፈልጋል። ገጾቻችን የገበሬውን፣ የነጋዴውንና የሾፌሩን ሐሳብ ያነጻጽራሉ።


አዘጋጁ