የጌም ሞዶችና የማልዌር ስጋት፦ የታመነ ምንጭ ሲጠለፍ ተጠቃሚው ምን ማድረግ አለበት?

በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ጁን 2023) ማይንክራፍት በተሰኘው የኮምፒዩተር ጌም ተጫዋቾች ዘንድ ከፍተኛ ስጋት የፈጠረ ክስተት ተሰማ። ከርስፎርጅ እና ቡኪት በተባሉት የሞድ ማከፋፈያ ድረ-ገጾች የተሠራጩ በርካታ ሞዶች ማልዌር ተሸክመው ተገኙ፤ ማልዌሩም ፍራክቸራይዘር የሚል ስያሜ ተሰጠው። ድረ-ገጾቹ በተጫዋቾች ዘንድ ለዓመታት የታወቁ እንጂ ስውር ወይም አጠራጣሪ አልነበሩም። አጥቂዎቹ የተወሰኑ የሞድ አዘጋጆችን አካውንት ሰብረው በመግባት፣ ተጠቃሚዎች በሚያምኗቸው ሥራዎች ላይ ጎጂውን ኮድ ጨምረው እንደ አዲስ ማሻሻያ አቅርበውታል።

ይህ ክስተት የጌም ተጫዋቾች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአንድ ቤት ውስጥ ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ኮምፒዩተር፣ ወላጆች ኢሜይል የሚከፍቱበት፣ የመንግሥት አገልግሎት ማመልከቻ የሚሞሉበትና የሰነድ ቅጂ የሚያስቀምጡበት ጭምር ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በጌም በኩል የገባ ማልዌር ጉዳቱ በጌሙ ላይ አይወሰንም።

ሞድ ለምን የአደጋ መግቢያ ይሆናል?

ሞድ ማለት በጌሙ ባለቤት ኩባንያ ሳይሆን በሌሎች ሰዎች ተዘጋጅቶ በጌሙ ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ወይም ያለውን የሚለውጥ ተጨማሪ ሥራ ነው። አንዳንድ ሞዶች ምስልና ድምፅ ብቻ የያዙ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን ራሳቸውን የቻሉ የፕሮግራም ኮዶች ናቸው። በጃቫ ቋንቋ የሚሠሩት የማይንክራፍት ሞዶች ከሁለተኛው ዓይነት ይመደባሉ። እንዲህ ያለው ሞድ አንድ ጊዜ ከተከፈተ፣ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ሊከፍት የሚችለውን ፋይል ሁሉ መክፈት፣ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትና ሌላ ፕሮግራም አውርዶ ማስነሣት ይችላል። ጌሙ ራሱ ይህን የሚከለክል አጥር የለውም።

ፍራክቸራይዘር የተጠቀመው ይህንኑ ክፍተት ነው። በሞዱ ውስጥ የተደበቀው አነስተኛ ኮድ ከአጥቂዎቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ቀጣዩን ክፍል ያወርዳል፤ ይህም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ያደላድላል። በመጨረሻ የሚመጣው ክፍል ዋናውን ስርቆት ይፈጽማል። በብሮውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንና ኩኪዎችን፣ የማይክሮሶፍት፣ የማይንክራፍትና የዲስኮርድ አካውንት መረጃዎችን ይሰበስባል፤ ተጠቃሚው ኮፒ ያደረገውን የክሪፕቶ ገንዘብ አድራሻም በአጥቂው አድራሻ ይተካል። ከዚህም አልፎ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉ ሌሎች የጃቫ ፋይሎችን ለመበከል ይሞክራል። የዊንዶውስም ሆነ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የዚህ ጥቃት ዒላማ ነበሩ።

ከክስተቱ የሚወሰዱ ሦስት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ትምህርት የድረ-ገጹ መልካም ስም ብቻውን ዋስትና አለመሆኑ ነው። ከታወቀ ምንጭ ማውረድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የአዘጋጁ አካውንት ከተሰረቀ ታማኝነቱ ራሱ የአጥቂው መሣሪያ ይሆናል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ስሌይ ዘ ስፓየር የተባለው ጌም ተቀጥላ በሆነው ዳውንፎል ላይ የደረሰው ይህንኑ ያረጋግጣል። ስቲም በተሰኘው ግዙፍ የጌም መሸጫ የሚቀርበው ይህ ሥራ፣ የአዘጋጆቹ አካውንት በመሰበሩ ለአንድ ሰዓት ያህል የይለፍ ቃል ሰራቂ ማልዌር አሠራጭቷል።

ሁለተኛው ትምህርት የተበከለውን ሞድ መሰረዝ ኮምፒዩተሩን አያነጻም የሚለው ነው። ማልዌሩ ሞዱን እንደ በር ተጠቅሞ ከገባ በኋላ መቀመጫውን ሌላ ቦታ ያደርጋል። ሌሎች የጃቫ ፋይሎችን የበከለ ከሆነ ደግሞ ጓደኛሞች ሞዶችን በፍላሽ ሲዋዋሱ ችግሩ ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል። ሰጪውም ተቀባዩም በቅን ልቦና የሚያደርጉት በመሆኑ ምንጩን ለማወቅ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ትምህርት ኩኪን ይመለከታል። ኩኪ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከገባ በኋላ ድረ-ገጹ እንዲያስታውሰው የሚያደርግ ምልክት ነው። ይህን ምልክት የሰረቀ ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ፣ አንዳንድ ጊዜም የማረጋገጫ ኮድ ሳያስፈልገው ወደ አካውንቱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ አካውንቱ ከተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ ማድረግም የግድ ነው።

ሐሰተኛ ገጾችና አይፈለጌ መልእክቶች

ከታመኑት ምንጮች ውጭ ያለው አደጋ የበለጠ ሰፊ ነው። የታወቁ ሞዶችን ስም ተበድረው የሚከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች በርካታ የማውረጃ ምልክቶችን ይደረድራሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ማሳወቂያ እንዲደርስዎ ይፍቀዱ ብለው ይጠይቃሉ፤ የፈቀደ ሰው ከዚያ በኋላ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚሉ ሐሰተኛ መልእክቶች ይጎርፉበታል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ሌላው ዘዴ ደግሞ ጎብኚው ሮቦት አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ በማስመሰል፣ የዊንዶውስና የአር ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ ከገጹ የተሰጠውን ጽሑፍ እንዲለጥፍ የሚያዝዘው ነው። ይህን የሚጠይቅ እውነተኛ ማረጋገጫ የለም፤ ትእዛዙን የፈጸመ ሰው ማልዌሩን በገዛ እጁ ያስነሣል።

በዲስኮርድ ወይም በቴሌግራም ከሚያውቁት ሰው አካውንት የሚመጣ «አዲስ የሠራሁትን ጌም ሞክርልኝ» የሚል መልእክትም በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል። የላኪው አካውንት ተሰርቆ ሊሆን ስለሚችል በስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ይበጃል።

በስልክ ላይ ደግሞ ያልተገደበ ሳንቲም ወይም የተከፈቱ ደረጃዎች እንደሚሰጡ የሚነገርላቸው የተቀየሩ የጌም መተግበሪያዎች ተመሳሳይ ስጋት ይፈጥራሉ። አንድ ጌም አጭር የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ ወይም የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሰጪ አገልግሎቶችን ለመቆጣጠር ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል። የባንክና የሞባይል ገንዘብ ማረጋገጫ ኮዶች በአጭር መልእክት የሚደርሱ በመሆናቸው፣ ይህን ፈቃድ የሰጠ ሰው የገንዘቡን ቁልፍ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

አስቀድሞ ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ሞዶችን ከአዘጋጁ በተረጋገጠ ገጽ ወይም ከታወቀ ማከፋፈያ ብቻ ማውረድ፤ አዲስ ማሻሻያ ሲወጣም አስቸኳይ ካልሆነ ጥቂት ቀናት መታገስ። የተበከለ ማሻሻያ በጊዜ ሂደት ሊታወቅ ስለሚችል ትዕግሥት ዋጋ አለው።

• ለጌም የተለየ የኮምፒዩተር ተጠቃሚ መክፈትና የአስተዳዳሪ ፈቃድ አለመስጠት፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ባንክና የመንግሥት አገልግሎት የሚከፈትበትን መሣሪያ ከጌም መለየት።

• የይለፍ ቃሎችን በጋራ ኮምፒዩተር ብሮውዘር ላይ አለማስቀመጥ፤ በኢንተርኔት ካፌ ሲጠቀሙ ሥራውን ጨርሶ ከአካውንቱ መውጣት።

• ጸረ-ቫይረስ አጥፉ የሚል ማንኛውንም የሞድ መመሪያ አለመከተል። ጸረ-ቫይረስም አዲስ ማልዌርን ወዲያውኑ ላያውቅ ስለሚችል ብቸኛ መከላከያ አድርጎ አለመቁጠር።

• ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት፤ የአስፈላጊ ሰነዶችን ቅጂም ከኮምፒዩተሩ ውጭ ማስቀመጥ።

ጥቃት ደርሷል ተብሎ ሲጠረጠር

የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ማለያየት ነው። ቀጥሎ በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ከኢሜይል በመጀመር የይለፍ ቃሎችን መቀየርና ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣት ያስፈልጋል፤ በተበከለው ኮምፒዩተር ላይ የሚቀየር የይለፍ ቃል ተመልሶ ይሰረቃልና። የገንዘብ አካውንት የሚነካ ከሆነ ለባንኩ ፈጥኖ ማሳወቅ ይገባል። አስፈላጊ ሰነዶችን ብቻ በጥንቃቄ አትርፎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ከሁሉም የተሻለው መፍትሔ ነው። የደረሱ መልእክቶችንና የወረደበትን አድራሻ በምስል ማስቀረትም ለምርመራ ይጠቅማል።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራሞችን ሆን ብሎ ማሠራጨትንና ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሠራጩ የማስታወቂያ መልእክቶችንም ይመለከታል። ተጎጂዎች ለፖሊስ ማመልከት፣ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ማሳወቅ ይችላሉ።

ወላጆች በዚህ ረገድ ያላቸው ሚና ከፍተኛ ነው። ቁጣን የሚፈራ ልጅ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀው ጊዜ ደግሞ የሚጠቅመው አጥቂውን ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ጌም ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ ምን እንደሚወርድ አብሮ ማየትና አጠራጣሪ ነገር ሲገጥም ሳይዘገዩ መነጋገርን ማስለመድ፣ የቤተሰቡን ገንዘብም ሆነ ሰነድ ይጠብቃል።