የትምህርት ቤት ደንብ ማንን ይይዛል?

ትምህርት ቤት በዕውቀት ብቻ የሚቆም አይደለም፤ በሥርዓትም ጭምር የሚቆም ነው እንጂ። መጽሐፍ ቢበዛ፥ ወንበር ቢሟላ፥ መምህር ቢቀጠር፥ ተማሪው በሰዓቱ ካልገባ፥ መምህሩም በሰዓቱ ካልተገኘ፥ የታዘዘውንም ሥራ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ካልሠራው፥ ያ ሁሉ ድካም በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚነበበው የክፍል ደንብ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ደንቡ ምን ሊል እንደሚገባው፥ ማንንም ሊይዝ እንደሚገባው ነው።

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ስፍራ ይዘን እንመልከተው። ደጋን በደቡብ ወሎ፥ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንደዚህ ባሉ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የከተማ ልጅ አይደለም። ከፊሉ ከገጠር ማልዶ ተነሥቶ በእግሩ ይመጣል፤ ከፊሉም እሑድ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋራ በኪራይ ቤት እያደረ ዓርብ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። በቤቱም የሚጠብቀው ሥራ አለ፤ ከብት አለ፥ እርሻ አለ፥ ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳትና የማጀት ሥራ አለ፤ ሰኞ ሲሆንም የታወቀው የባቲ ገበያ አለ።

እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ፥ ደወል ከተደወለ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢደርስ፥ በሩም ተዘግቶ ዘበኛው ቢመልሰው፥ ያ ደንብ ምን ሠራ? ሩብ ሰዓት ያጎደለውን ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዲያጎድል አደረገው። ከትምህርቱ የቀረውን ልጅ ከትምህርቱ በማስቀረት ቀጣው። ልጁም ከበሩ ሲመለስ የሚሄደው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ገበያው ወይም ሥራ ፈቶች ወደሚውሉበት ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ስንል ሰዓት ይናቅ ማለታችን አይደለም። የዘገየው ልጅ ይግባ፥ ስሙ ይመዝገብ፥ ያጎደለውንም በምሳ ዕረፍቱ ተቀምጦ ይሙላ፤ ነገሩ ቢደጋገም ወላጁ ይጠራ ማለታችን ነው። በምሳ ዕረፍት ያልንበትም ምክንያት አለን፤ ከሩቅ የምትመጣን ልጃገረድ ከትምህርት በኋላ አቆይቶ በምሽት መንገድ መስደድ ከጥፋቷ የሚበልጥ ጥፋት ይሆናልና። ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው መለኪያ፥ መልካም ደንብ ተማሪውን ወደ ትምህርቱ የሚያስገባ እንጂ ከትምህርቱ የሚያስወጣ አለመሆኑ ነው።

ሥርዓት ያለው ትምህርት ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። በቃሉ አገርም በ19ኛው መቶ ዓመት የገታው ሼህ ቡሽራ ባስተማሩበት ስፍራ ብዙ ደረሳ ይሰበሰብ ነበር። የቄስ ተማሪው በቁራሽ፥ ደረሳውም የአገሩ ሰው በሚሰጠው ምግብ እየኖሩ ይማሩ ነበር።

በእነዚህ ቤቶች ያለውን አንድ ሥርዓት ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱንና ምሥጢሩን እየጠየቁ ያርሙታል። የቁርኣን ተማሪም በሉሑ የተጻፈውን በአፉ ሳያደርስ ሉሑ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የባልንጀራን ሥራ አምጥቶ የእኔ ነው ማለት አይመችም። ይህ የሆነው የጥንት ልጆች ከዛሬዎቹ በተፈጥሮ የተሻሉ ስለ ነበሩ አይደለም፤ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በጆሮው ስለሚሰማው ነው እንጂ። ነገር ግን የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ብለን አንመሰክርም። አለንጋውና እግር ብረቱም ከዚያው ቤት ነበሩ፤ በእነርሱም ምክንያት ከትምህርት የኰበለለው ልጅ ጥቂት አይደለም።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፥ በደሴም በወይዘሮ ስኂን ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ ካስተማረ ወዲህ፥ ትምህርት ለብዙ ሰው የሚዳረስ ሆኗል። ይህም ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን የአንዱ መምህር ጆሮ ሁሉን መስማት አልቻለም። ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል የተወሰነው መለኪያ 40 ተማሪ ሲሆን፥ በብዙ ስፍራ ቍጥሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ የክፍል ደንብ የተፈለገው የመምህሩ ጆሮ ያልደረሰበትን እንዲጠብቅ ነው። ደንቡ ይህን ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ባለፉት ዓመታት አይተናል።

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። በኋላም የመኰራረጁ ነገር ስለ ጸና፥ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በተገለጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። በእርግጥ ይህ ውጤት የመኰራረጅ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ የመጻሕፍትና የመምህራን ጕድለት፥ የጦርነትም ጉዳት አለበት። ቢሆንም የቀድሞው ነጥብ ብዙው የተማሪው የራሱ እንዳልነበረ በግልጥ አሳይቶናል።

ይህ ነገር በፈተናው ቀን የተጀመረ አይደለም። ተማሪው በ9ኛ ክፍል ሳለ የባልንጀራውን ደብተር ገልብጦ ሲያመጣ መምህሩ ሳያየው ምልክት አድርጎ ከመለሰለት፥ ያን ጊዜ ተጀምሯል። ሁሉ ሲገለብጥ እኔ ብቻ ለምን እቀራለሁ ይላል፤ የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ክፉ ተረት በክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። የሚዘረፈውም በእውነት የአባቱ ቤት ነው፤ በዚያ መንገድ የወጣ ሐኪም የሚያክመው፥ በዚያ መንገድ የወጣ መሐንዲስም ድልድይ የሚሠራው ለገዛ ወገኑ ነውና።

እንግዲህ በደጋንም ሆነ በሌላ ስፍራ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚበቃው ደንብ ረጅም መሆን የለበትም። ረጅም ደንብ በግድግዳ ላይ ይቀራል፤ አጭር ደንብ ግን በልብ ይያዛል። የምንመክረው አምስት ነገር ነው።

1ኛ፤ ሰዓት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን 10 ደቂቃ ሲጠፋ ሩቡ ጠፋ ማለት ነው፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር አንድ ሙሉ ሰዓት ይጠፋል። ተማሪው ደወል ሲደወል በስፍራው ይገኝ፤ መምህሩም እንዲሁ ይገኝ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፥ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሰዓት ማክበርን በክፍል ያልለመደ ልጅ በዚያ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ሊያጸናው አይችልም።

2ኛ፤ የገዛ ሥራ። የተገለበጠ ሥራ እንዳልተሠራ ይቈጠር፤ ተማሪውም እንደገና ይሥራው። ነገር ግን መምህሩ ደብተሩን አይቶና አርሞ የመመለስ ግዴታ ይኑርበት፤ የማይታይ ሥራ ሁሉ ይገለበጣልና። በየሳምንቱም ጥቂት ተማሪዎችን እያስነሣ የጻፉትን በቃላቸው እንዲያስረዱ ቢያደርግ፥ የአባቶች የቅኔ ቤት ሥርዓት በዘመናዊው ክፍል ተመለሰ ማለት ነው።

3ኛ፤ መስማትና መጠየቅ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ። ያልገባው ይጠይቅ፤ በጠያቂ ላይ የሚሥቅም ይገሠጽ። መምህሩም ጥያቄን እንደ ድፍረት አይቍጠረው።

4ኛ፤ የእጅ ስልክ። በትምህርት ሰዓት ተዘግቶ ይቀመጥ። ይህን የተላለፈ ስልኩ ይወሰድበት፥ ለወላጁም ይመለስ እንጂ አይሰበር። መምህሩም በክፍል ውስጥ ሆኖ በስልኩ አይነጋገር።

5ኛ፤ የጋራ ገንዘብና የጋራ ክብር። ወንበርና መስኮት የሰበረ ይጠግን። ሴት ተማሪን በቃል ወይም በእጅ የሚያስቸግር ተማሪም ይሁን መምህር በዝምታ አይታለፍ።

ስለ ቅጣትም እንናገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። አርጩሜ ከቀረ ወዲህ ተማሪ አልታዘዝ አለ የሚሉ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን፤ ድካማቸውንም አንንቅም። ነገር ግን በትር የሚያስተምረው የበትሩ ባለቤት እስኪዞር ድረስ መጠበቅን ነው። ከዚህ ይልቅ ጥፋተኛው አስቀድሞ ይሰማ፤ ቅጣቱም አስቀድሞ የታወቀ፥ ለሁሉ እኩል፥ በሥራ የሚፈጸም ይሁን። ለሀብታም ልጅና ለድኻ ልጅ የሚለያይ ቅጣት ከቶ ባይኖር ይሻላል።

ልጆቻችን ያለፉበትንም መዘንጋት አይገባም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ፤ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፥ ፈረሱም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ዓመት የጠፋበት፥ ወላጅ የሞተበት፥ በድንጋጤ የሚባንን ልጅ ይገኛል። ለዚህ ልጅ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ልብን ያሳርፋልና። ግን ሥርዓቱ እንደ ሌላ ዛቻ እንዳይሆንበት ያስፈልጋል።

አሁን የቀረው ዋናው ነገር ነው። ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በተማሪው ላይ ብቻ ቢጫን አይጸናም። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል። አንድ ሹም የዘመዱ ልጅ ነጥብ እንዲጨመርለት ለርእሰ መምህሩ ቢደውል፥ በዚያች ቃል ደንቡ ሁሉ ፈርሷል፤ ልጆቹም ከሁሉ በፊት ይህን ያውቃሉ። በትምህርት ሰዓት መምህራንን ለስብሰባ መጥራት፥ ተማሪዎችንም ለእንግዳ መቀበያ በመንገድ ዳር ማቆም ደወል እንዳይከበር በተግባር ማስተማር ነው። የተማሪዎች ማለፍ በሪፖርት እንዲያምር ብቻ የሚሻ ሹምም መኰራረጅን በቃሉ ሳያዝ በፈቃዱ አዘዘ ማለት ነው። ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፥ ስብሰባው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ነጥብም የመምህሩ ይሁን።

ካህናትና ሼሆችም በዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ወላጅ ከማንም ይልቅ ቃላቸውን ይሰማል። ትምህርት እንደ እርሻና እንደ ፈትል በበዓል ቀን የሚከለከል ሥራ አለመሆኑን ካህናት ለምእመናን ቢያስረዱ፥ በወር ውስጥ የሚባክነው ቀን ይቀንሳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ለጁምዓ ጸሎት እንዲመች ረዘም እንደሚል ሁሉ፥ ሼሆችም ልጆቹ ከጸሎት በኋላ ሳይዘገዩ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ቢመክሩ ጸሎቱም ትምህርቱም በየቦታው ይጸናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሕዝብ ይህን ምክር ለመቀበል አይቸገርም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። መስከረም ላይ ደንቡ ሲነበብ ተማሪው ብቻ ተሰልፎ የሚሰማው አይሁን። ወላጆች ይጠሩ፤ የወረዳው ሹማምንት፥ ካህናቱና ሼሆቹም ይገኙ። ርእሰ መምህሩም አስቀድሞ ደንቡ በመምህራን ላይ የሚያዝዘውን፥ ቀጥሎ በሹማምንትና በወላጆች ላይ የሚያዝዘውን፥ ከዚያ በኋላ በተማሪው ላይ የሚያዝዘውን ያንብብ። ከደጋን ገጠር ሁለት ሰዓት ተጉዞ የመጣው ልጅ ታላላቆቹ በደንብ መያዛቸውን በዓይኑ ካየ፥ እርሱም በደንብ መያዝን እንደ ውርደት አይቈጥረውም። ካላየ ግን የምናነብለት ሁሉ ከደወሉ ድምፅ ጋራ አብሮ ያልፋል።