ጫካ የዋለ ሰው

በአእምሮ እድገት ውስንነት፣ በኦቲዝም ወይም በአንጎል ጉዳት ምክንያት መደበኛ ሥራ ይዘው መዝለቅ ላልቻሉ አዋቂዎች በኔዘርላንድስ «ዳኽበስቴዲንግ» የሚባል አገልግሎት አለ። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ «ውሎ» ነው። ማለዳ ከቤት መውጣት፣ ከሰው ጋር መዋል፣ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ሲባሉ የሚመልሱት ነገር ይዞ መግባት። አንዱ ከብት ካለበት እርሻ ይውላል፣ ሌላው ሻማ ይሠራል፣ ሌላው ጫካ ያጸዳል። ወጪውን ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ሰውየው ሁኔታ ወይ ማዘጋጃ ቤት በማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ፣ ወይ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሕግ ይሸፍነዋል።

የጫካው ውሎ በቡና ይጀመራል። ጥቂት ሰዎችና አንድ የቡድን መሪ በሚኒባስ መጥተው ከፔርሙስ ቡና ይቀዳሉ፤ ጓንት ይታደላል፤ እጀታው ረጅም መቆንጠጫና አፉ በቀለበት የተወጠረ ከረጢት ይከተላል። ቀለበቱ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ እጁ ብቻ ለሚታዘዝለት ሰው ንፋስ የማይዘጋው ከረጢት ማለት ያለ ረዳት መሥራት ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር የሚለቀመው ሶፍት፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ታስሮበት ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው (ለምን አንጠልጥለውት እንደሚሄዱ መልስ የሰጠ የለም)። ከሐምሌ 2021 ወዲህ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ በመጠጥ ቆርቆሮ ላይ 15 ሳንቲም መያዣ ስለሚከፈል ሁለቱን ለብቻ መለየት ያዋጣል፤ ተመላሹ ለቡና መግዣ ይሆናል።

ቆሻሻ መልቀም ግን የሥራው ቀላሉ ግማሽ ነው። «ጽዳት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል፤ የወደቀ ግንድና ደረቅ ቅርንጫፍ አይነሳም። ለማገዶ የሚሆን ጭራሮ ከእንጦጦ ሲወርድ ላየ አንባቢ እንጨት ሆን ተብሎ ሲበሰብስ መተው ይገርመው ይሆናል። ነገር ግን ጥንዚዛው፣ እንጉዳዩና በግንድ ላይ የሚቀለበው ወፍ በዚያ ይኖራሉ። መንገድ የዘጋው ቅርንጫፍ ብቻ ተጎትቶ ከዳር ይከመራል፤ ክምሩም ለጃርትና ለትናንሽ ወፎች መጠለያ ይሆናል።

ዋናው ሥራ ነቀላ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣ አንድ የቼሪ ዝርያ ደካማውን አሸዋማ አፈር ያሻሽላል ተብሎ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በደች ጫካዎች በሰፊው ተተከለ። ዛፉ የተጠበቀውን ትቶ ያልተጠበቀውን አደረገ፤ ሌላውን ቡቃያ ጥላ እያለበሰ ስለተስፋፋ የአገሬው ሰው «የጫካ መቅሰፍት» የሚል ስም አወጣለት። ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አስተማማኙ መንገድ ገና ቡቃያ ሳለ ከነሥሩ መንቀል ነው፤ ለዚህም ማሽን ሳይሆን ዓይንና እጅ ያስፈልጋል፤ በአፈር ውስጥ የቀረው ዘር ስለሚበቅልም እየተመላለሱ መልቀም ግድ ነው። ቅጠሉ ከላይ ያብለጨልጫል፤ ቅርፊቱ ሲፋቅ መራራ የአልሞንድ ሽታ ይሸታል። ማንበብ የማይችል ሰውም በቅጠሉና በሽታው ይለየዋል። አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ አፈሩን ያራግፋል፣ ሦስተኛው ሥሩ መልሶ መሬት እንዳይነካ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅለዋል። ድንገተኛ ለውጥ ለሚያውከው፣ ኦቲዝም ላለበት ሰው አንድ ቅጠል መፈለግ፣ አንድ እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ሥራው የት እንደሚያበቃ በገመድ ተከልሎ ማየት ዕረፍት ነው።

ውሎው ትርጉም የሚያገኘውም ከዚህ ነው። ጫካ ጤና ይሰጣል፣ አየሩ ጥሩ ነው የሚለው እውነት ቢሆንም ሽርሽርም ያንኑ ይሰጣል። ልዩነቱ ቡድኑ አንድ ዓመት ቢቀር ቡቃያው እስከ ጉልበት ማደጉ፣ የደን ጠባቂውም «የት ጠፋችሁ?» ማለቱ ነው። ጊዜ ለመግደል ብቻ የተፈጠረ ሥራ ቢቀር የሚጠይቅ የለም፤ ይህንን ደግሞ ሠሪው ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ጠቃሚ ሥራ ከሆነ ታዲያ ደመወዙስ? ዳኽበስቴዲንግ በሕግ ዓይን ቅጥር አይደለም፤ ቢበዛ ትንሽ የማበረታቻ ገንዘብ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ደመወዝ የለውም። ለአካል ጉዳተኞች የተመቻቸ፣ ደመወዝ ያለው የሥራ ቦታ በ1969 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ተዘርግቶ ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ግን አዲስ ሰው አይቀበልም። ኔዘርላንድስ በ2016፣ ኢትዮጵያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ሰው በፈቃዱ በመረጠው ሥራ መተዳደሪያውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደመወዝ ከገባ ኮታና ጥድፊያ ይከተላል፣ ዘገምተኛውም ይባረራል የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም። ያም ሆኖ ተቋራጭ ቢቀጠር ይከፈልበት የነበረውን ሥራ በነፃ እያሠሩ «እንክብካቤ» ብሎ መጥራት ብቻውን አይበቃም። ቢያንስ አቅሙ የጎለበተው ሰው ከቡድኑ ወጥቶ ደመወዝተኛ የሚሆንበት በር ክፍት ሊሆን ይገባል።

ጫካው ለሁሉም አይመችም። አሸዋ የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ስለሚውጥ ወንበር የሚጠቀም ሰው ደልዳላ መንገድ ካለበት አያልፍም። ወፎች በሚፈለፍሉበት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ቁጥቋጦ መነካካት ስለሚቀነስ ቡድኑ ወደ ቆሻሻ ለቀማና ወደ አግዳሚ ወንበር ጥገና ይዞራል። መዥገርም አለ፤ የላይም በሽታ ስለሚያስተላልፍ ማታ ብብትና ጉልበት ሥር መታየት አለበት። «አሳከከኝ» ማለት ለማይችል ሰው ይህ ፍተሻ የተንከባካቢው ግዴታ ነው።

ምርጫው ስለዚህ አስቀድሞ በሙከራ ቀን ይታያል። በቃል የማይመልስ ሰው ቦት ጫማው ሲቀርብለት እግሩን ይዘረጋል፣ ወይም ይሰበስባል።