ሙዚቃን ለልጆች ማን አስተማራቸው?

አንድ ድመት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ መድረክ ይወጣል፤ ለታዳሚው እጅ ነስቶ ፒያኖ ፊት ይቀመጣል። ፒያኖው ውስጥ አይጥ ተኝቷል። ድመቱ መጫወት ሲጀምር አይጡ ይባንናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጦርነት ነው።

ይህ እ.ኤ.አ በ1947 የወጣውና ኦስካር ያገኘው የቶምና ጄሪ ካርቱን ነው። ያየው ሰው ብዙ ነው። ሙዚቃው የፍራንዝ ሊስት ሁለተኛው የሃንጋሪ ራፕሶዲ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ዜማውን ሌላ ቦታ ሲሰማው "እንዴ! ይሄ የቶምና ጄሪ አይደል?" ይላል።

ይህን እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ። ለኮንሰርት አዳራሽ የተጻፈ ሥራ የድመትና የአይጥ መባረሪያ ሆነ ይላሉ። ተሳስተዋል። ሊስት ሥራውን በዝግታ ጀምሮ በሩጫ ይጨርሰዋል፤ ካርቱኑም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጥፊ በምቱ ላይ ያርፋል። ሙዚቃውን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊቀልድበት አይችልም። በፊልሙ ውስጥ ንግግር ስለሌለም እንግሊዝኛ የማይሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ከአሜሪካዊው እኩል ይስቃል።

በዋርነር ብራዘርስ የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ከ1936 እስከ 1958 የካርቱኖቹን ሙዚቃ ያዘጋጀው ካርል ስቶሊንግ፣ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ሲጫወት የኖረ ሰው ነበር። በ1957 ደግሞ እዚያው ስቱዲዮ ቻክ ጆንስ የዋግነርን ረጃጅም ኦፔራዎች ወደ ሰባት ደቂቃ ገደማ ጨምቆ ለባግስ በኒ ሰጠው። ያ ካርቱን በ1992 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመዘገባቸው ፊልሞች አንዱ ሆኗል።

እርግጥ ነው፣ ሊስትና ዋግነር ከሞቱ ቆይተዋል፤ ክፍያ አይጠይቁም። ስቱዲዮዎቹ ግን ለሙዚቀኞች ከፍለው ለየፊልሙ አዲስ ያስቀርጹ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቶምና ጄሪን ይሠራ የነበረው የኤምጂኤም የካርቱን ክፍል በ1957 ተዘጋ። ሥራው ወደ ቴሌቪዥን ሲዞር በጀቱ ጠበበ፤ አንዴ የተቀረጸ ሙዚቃም ከክፍል ክፍል ይደጋገም ጀመር።

ዛሬ ልጅ ሲያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተቀመረ፣ ያው በያው የሚሽከረከር ነው። ወላጅ ልጁ ስለሚያየው ነገር ይጨነቃል፤ ስለሚሰማው ግን እምብዛም አይጠይቅም። ጆሮ ደግሞ በልጅነት የለመደውን ይዞ ይቀራል።

በአገራችንም ካርቱን የሚሠሩ ወጣቶች እየመጡ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በእጃቸው ናቸው፤ ማሲንቆና ዋሽንት የሚጫወት ባለሙያም አለ። ሙዚቃውን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከኢንተርኔት የሚወርድ ማሟያ ካደረጉት ግን ልጆቻችን የሚወርሱት ዜማ አይኖርም። በጀት ሲያወጡ ለሙዚቀኛው የሚከፈለውን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉት።