የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ስም ይኑረው

በየቤታችን፣ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ሆነ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ወረቀቱ ወደ ቡናማነት ያደላል፤ አንዳንዱም ጉንጩና ከንፈሩ በእጅ ቀለም የተቀባ ነው። ከመካከል ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችው ሴት አያት ወይም ቅድመ አያት መሆኗ ይነገራል። «ስሟ ማን ነበር? የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙው ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተያያል።

ይህ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው በአገራችን አንድ ሰው የሚጠራው የራሱን ስም ከአባቱና ከወንድ አያቱ ስም ጋር አያይዞ ነው። የእናት ስም በዚህ ተርታ አይገባም፤ የሴት አያት ስምማ ከነጭራሹ አይነሳም። በመሆኑም ቤት ያቆመችው፣ ልጅ ወልዳ የልጅ ልጅ ያሳደገችው ሴት በሁለት ትውልድ ውስጥ ስሟ ሊረሳ ይችላል። የሚቀርላት ምስክር ፎቶግራፏ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ መልክን ያሳያል እንጂ አይናገርም።

ፎቶግራፍ መነሣት በአገራችን መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሲሠራ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ከጊዜ በኋላ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ የከተማው ሕዝብ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለበዓል መነሣትን ለመደ። በገጠር የኖሩ ብዙ እናቶች ግን በዕድሜያቸው የተነሡት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሲያርፉም ያው ጉርድ ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ በለቅሶው ድንኳን ይቆማል።

አንድ ፎቶግራፍ ምን ያህል ነገር ደብቆ ሊይዝ እንደሚችል ለማሳየት የእናቴን እናት ምስል መጥቀስ ይበቃል። በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ብቻቸውን ቆመው የተነሡት ነው። እኛ የልጅ ልጆች የበዓል ፎቶግራፍ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን እናቴ ምስሉን አቅርባ ስታየው የነጠላው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገት መዞሩን ልብ አለችና «እማማ፣ ነጠላዎን ለምን ዘቅዝቀው ለበሱ?» ስትል ጠየቀቻቸው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ምስሉን የተነሡት የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በዓመቱ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን በቀበሩ በአርባኛው ቀን እንደሆነ ነገሩን። ሩቅ አገር ለነበረውና ለቅሶ ላልደረሰው ወንድማቸው «እኔ አለሁ» ለማለት የላኩት ነው። የታኅሣሥ ግርግር የተባለው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በ1953 ዓ.ም. የተደረገ ስለሆነ ፎቶግራፉ የ1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እናቴም የታላቅ ወንድሟን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሁለቱን ስም፣ የእናትንም የልጅንም፣ ወዲያው ጻፈችው። ዛሬ አያቴ በሕይወት የሉም፤ ያ ሕፃን ግን ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ይቆጠራል።

እንግዲህ አረጋውያንን ስንጠይቅ ዘዴ ያስፈልጋል። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚለው ጥያቄ ብዙዎቹን ያስቸግራቸዋል። ይልቁንም ጊዜውን ከታወቀ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ነው በኋላ? አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ የትኛው ልጅ ተወልዶ ነበር? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የት ሰፈር ይኖሩ ነበር? ከዚህም ሌላ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሹሩባው፣ ምስሉን ማን እንዳነሣው፣ ለማን ሊላክ እንደታሰበ መጠየቅ ወሬ ያመጣል። ሐዘን ያለበት ነገር ሲነሣ ግን ማጣደፍ አይገባም፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ካስፈለገም ለሌላ ቀን ማቆየት ነው።

የተገኘው መልስ በቃል ብቻ እንዳይቀር መጻፍ አለበት። ከጀርባ ሲጻፍ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት አልፎ ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል። እርሳስ በማይቀበል ወረቀት ላይ ከሆነ በሌላ ወረቀት ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሙጫና ፕላስተር አይለጠፍበት። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀውን ጎትቶ ማላቀቅ ወረቀቱን ስለሚልጠው፣ ከነመስተዋቱ በስልክ ማንሣት ይሻላል። ማስቀመጫውም ከማድቤት ጭስ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ የራቀ ይሁን። በስልክ የተቀዳው ቅጂ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ቢያንስ ለሁለት ዘመድ ይላክ፤ ዋናው ግን አይጣል።

ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ እርሳስና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። ልጆችም አብረው ቢቀመጡ የሴት አያታቸውን ስም ከነአባቷና ከነእናቷ መቁጠር ይለምዳሉ። ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ በመጪው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሣጥኑን ከፍታችሁ ፎቶግራፎቹን በገበታው ዙሪያ አዳርሱ። ስሟን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ይጻፍ።