«በሕግ አምላክ» ወይስ በክላሽንኮቭ?



ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሳያስተኛን ቀረ። ነገሩ የተጀመረው ከመካከላችን አንዱ፣ በእንግሊዝ አገር አብዛኛው ፖሊስ ጠመንጃም ሽጉጥም ሳይዝ መንገድ ለመንገድ እንደሚዞር፣ «ይታጠቅ፣ አይታጠቅ» የሚለውም ሙግት በየጊዜው እንደሚነሣ ሲነግረን ነው። የመጀመሪያው መልሳችን ሣቅ ነበር። «ባዶ እጁን የቆመ ምኑ ፖሊስ ነው?» አለ አንዱ። «እኛ አገር ቢሆን ቆቡን ሳይቀር ይቀሙት ነበር» አለ ሌላው።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን የሣቅንበት ምክንያት አሳሰበን። ከሕፃንነታችን ጀምሮ፣ ከትራፊክ ፖሊስ በቀር፣ ፖሊስን ያለ መሣሪያ ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ሕግና ጠመንጃ በአእምሯችን አንድ ነገር ሆነው ተቀምጠዋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦ የከተማ ፖሊስ በገበያውም፣ በትምህርት ቤቱም በር፣ በሰልፉም ፊት ዕለት ተዕለት የጦር ሜዳ መሣሪያ መያዙ ይጠቅመናል ወይ? መልሳችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። አይጠቅመንም፤ ፖሊሱንም አይጠቅመውም።

በመጀመሪያ የእንግሊዞቹን ነገር በአጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1829 ሰር ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁሙ፣ ብዙ ሰው «መንግሥት ጦር ሊያሰፍርብን ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ይህን ሥጋት ለማብረድ አዲሶቹ ፖሊሶች ከወታደሩ ቀይ ልብስ የተለየ ሰማያዊ ለበሱ፤ በእጃቸውም የእንጨት ዱላ ተሰጣቸው። ዛሬም በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ አብዛኛው ፖሊስ አይታጠቅም፤ መሣሪያ የሚያስፈልግ አደጋ ሲነሣ ለዚሁ ተለይተው የሠለጠኑት ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን ሦስት ፖሊሶች በአንድ ቀን በጥይት ሲገደሉ የሕዝቡ ቁጣ ታላቅ ነበር፤ ሆኖም የተለዩት ክፍሎች ሥልጠና ተጠናከረ እንጂ ሁሉም ፖሊስ አልታጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የታጠቁት ፖሊሶች አንድ ንጹሕ ብራዚላዊ ሠራተኛ በአሸባሪነት ጠርጥረው በባቡር ውስጥ ገደሉት። እንዲህ በጥንቃቄ የሠለጠነ እጅ እንኳ ከተሳሳተ፣ ያልሠለጠነው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይመዝን።

ነገሩን ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው ሌላ ታሪክ አለ። ጣልያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ፣ በጥር ወር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት፣ ፖሊሳችንን ሊያደራጁና ሊያሠለጥኑ የመጡት የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ። በገዛ ከተማው ጎዳናውን በዱላ የሚያስጠብቀው እንግሊዝ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ያቋቋመው ፖሊስ ግን ብዙውን ጊዜ የታጠቀ፣ በካምፕ የሚኖር፣ ከወታደር የማይለይ ነበር። እኛ ቅኝ ሳንገዛ የደረሰን ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ይመስለናል። ለገዛ ልጁ የማያለብሰውን ልብስ ለጎረቤት ልጅ የሰጠ ሰው ምን ይባላል?

«ኢትዮጵያዊ ጠመንጃ ካላየ ሕግ አያከብርም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ሁለት ሰዎች በዱላ ሲፋለጡ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ የተነሣው እጅ ወደ ታች ይመለስ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ ዳኛ ወዳለበት ይሄዱ ነበር። ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም ነበር። ያ ዘመን ሁሉ ደግ ነበር አንልም። ሽፍታም ደም መላሽም ነበረበት፤ በአውጫጭኝ ስም ብዙ ንጹሕ ሰው ተንገላቷል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕግ በዚህ አገር ከክላሽንኮቭ በፊትም ይከበር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክላሽንኮቭ ለጦርነት የተሠራ መሣሪያ ነው። ከእርሱ በቀር ሌላ ነገር በእጁ የሌለው ፖሊስ ሁለት ነገር ብቻ አለው፤ ቃልና ጥይት። ቃሉ አልሰማ ሲል ቀጥሎ የሚያዘው ነገር የለውም። ኪስ ያወለቀ ልጅ ሲሮጥበት፣ ሰካራም ሲሰድበው፣ የተቆጣ ሕዝብ ሲጮህበት፣ ከቃሉ ቀጥሎ የሚያገኘው ገዳዩን ነው። ሰውየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ መፍራት ብቻ ይበቃዋል። ከአፍ የወጣ ቃል ቢያስቀይም በሽምግልና ይታረቃል፤ ከአፈሙዝ የወጣውን ግን የትኛው ሽማግሌ ይመልሰዋል?

ይህ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል፣ የደረሰውን እንቍጠር። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ከብበው ያለቅሱ በነበሩ ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተኰሱ። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ ቈጠረ። በነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚሁ በባሕር ዳራችን፣ ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎች ሰልፍ በወጣ ሕዝብ ላይ ተተኰሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በከተማው በአንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰዎች እንደተገደሉ አስታወቀ። መንግሥታቱ የተለያዩ ነበሩ ቢባል፣ በሕዝቡ ፊት የቆመው ግን ያው የጦር መሣሪያ ነበር።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ሰልፈኛውን «ባዶ እጅህን ና» ይለዋል። ባዶ እጁን ና ተብሎ ባዶ እጁን በመጣ ሰው ፊት ጠመንጃ ደግኖ መቆም በምን ፍርድ ይገባል? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና በተደረገው ጉባኤ በወጣው መመሪያ፣ መንግሥታት ለፖሊሶቻቸው ከጥይት በፊት የሚሠሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችንና ራሳቸውን የሚከላከሉበትን ጋሻና የራስ ቍር እንዲሰጡ፣ ሆን ብሎ ለመግደል መተኰስም ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ ግድ ሲሆን ብቻ እንዲፈቀድ መክሯል።

ከታሪክ ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የደረሰብንን አንዲት ነገር እንናገር። አንድ ምሽት ሦስት ሆነን ከሐይቁ ዳር ስንመለስ አንድ በር ላይ የቆመ ጠባቂ መታወቂያ ጠየቀን። አንዳችን መታወቂያውን ረስቶ ነበርና ክርክር ተነሣ፤ ድምፃችንም ከፍ አለ። በድንገት ጠባቂው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። ከአጠገቡ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ከከሰላቸው ላይ ተነሥተው፣ «በሕግ አምላክ! ልጆች እኮ ናቸው!» ብለው ጮኹ። እርሱም ለአፍታ ቆሞ፣ «እሺ እማማ» አለና አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ። ኋላ በብርሃኑ ፊቱን ስናየው በዕድሜ የኛ እኩያ ነው፤ እጁም እንደኛው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ እርሱን አንከስስም። ለመታወቂያ ጥያቄ ጥይት የጐረሰ መሣሪያ አስይዞ ያቆመውን አሠራር ግን እንከስሳለን።

ይህን ስንል የሚመጣብንን መልስ እናውቃለን። «እናንተ የምትጽፉት በየት አገር ተቀምጣችሁ ነው?» እንባላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ያለፈ ነው፤ ብዙ ፖሊሶችም ሞተዋል፤ እነርሱም እናት አላቸው። ዘራፊው ክላሽ ይዞ ሲመጣ ፖሊሱ በፉጨት ይመልሰው አንልም። ሰሜን አየርላንድም ከረጅሙ ደም መፋሰሷ የተነሣ ፖሊሷን እስከ ዛሬ ታስታጥቃለች። ሆኖም ጦርነቱ ራሱ ያስተማረን ነገር አለ። በቆጋ መስኖ አጠገብ ባለችው በመርዓዊ ከተማ በጥር 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። እንዲህ ያለ ነገር ካየ ሕዝብ ፊት ፖሊሱ እንደ ወታደር ታጥቆ ሲቆም፣ ሕዝቡ የሚያየው ፖሊስ አይሆንም። ልጅ የጠፋባት እናት ልትነግረው አትቀርብም፤ ሌባውን ያየ ሰው አይጠቍመውም። ወሬ የማይደርሰው ፖሊስ ደግሞ ስንት ጥይት ቢይዝ ዕውር ነው። ይባስ ብሎ ያ ጠመንጃ ራሱ የሚፈለግ ንብረት ነውና፣ ጠመንጃውን የሚሻ ሰው ፖሊሱን ይሸምቅበታል።

ያለ ጠመንጃ የሚከበር ሥልጣን ለማየት እስከ ለንደን መሄድም አያስፈልግ። የከተማችንን የትራፊክ ፖሊስ ተመልከቱ፤ ፉጨቷን ስትነፋ የባጃጁም የከባዱም መኪና ሾፌር ይቆማል። ይከራከራል፣ ይለምናል፣ ያጕረመርማል፤ ግን ይቆማል። ወደ ገጠሩ ስንወጣ ደግሞ በባህላዊ መስኖ ገበሬዎች የሚመርጡት «የውሃ አባት» አለ። ውሃ በበጋ ወራት ወንድምን ከወንድም የሚያጋድል ነገር ነው፤ የውሃ አባት ግን ተራ የሚያስጠብቀው፣ ያጠፋውንም የሚቀጣው ተመርጦ ስለ ተሾመ ነው። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ በተሠራው በቆጋም የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የተቋቋሙት በዚሁ ሐሳብ ነው። የሚያስታጥቃቸው የሰዉ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ፖሊስ ነገ ጠመንጃውን ያስረክብ አንልም። የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በሆስፒታሎችና በገበያ የሚቆም ፖሊስ ዱላና ሬዲዮ ይዞ ይቁም፤ ጠመንጃው በጣቢያው ተቆልፎ ይቀመጥ፣ በአዛዥ ትእዛዝም ብቻ ይውጣ።

ሁለተኛ፤ በሰላማዊ ሰልፍ ፊት የሚሰለፈው ፖሊስ ጋሻና የራስ ቍር ይዞ እንጂ ክላሽ ይዞ አይሰለፍ። የታጠቀ ክፍል የግድ ካስፈለገ ከሰልፉ ርቆ ይቆይ፤ ማን እንዳዘዘውም ስሙ ተጽፎ ይገኝ።

ሦስተኛ፤ የወጣው ጥይት ሁሉ በቍጥር ወጥቶ በቍጥር ይግባ። አንድ ጥይት በሰው ላይ በተተኰሰ ቍጥር ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል ይመርምር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር።

አራተኛ፤ ለፖሊሱ በቂ ደመወዝ፣ በቂ ሥልጠናና የጥይት መከላከያ ልብስ ይሰጠው። የራበውና የፈራ ሰው ጣቱ ቃታው ላይ ይቀድማል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነውና። የታጠቀ ፌዴራል ፖሊስ በየግቢው የገባው እንዲያው ከሰማይ ወርዶ አልነበረም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች በግጭት ሲሞቱ፣ ነገሩም ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ድንጋዩንና ብረቱን ያነሣው የተማሪ እጅ ነበር። ወንድሙን በዘሩ ለይቶ የደበደበ ተማሪ፣ «ጠመንጃ ከግቢያችን ይውጣ» ለማለት ምን አፍ አለው? ጠመንጃው ከበራችን እንዲነሣ ከፈለግን፣ ጠብ ሲነሣ «በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው ከየመኝታ ክፍላችን መገኘት አለበት፤ የሚሰማውም እንዲሁ።

እነዚያ በቆሎ ጠባሽ እናት ማንም ሥልጣን አልሰጣቸውም፤ በእጃቸውም ማራገቢያ ብቻ ነበር። ያን ምሽት ሕግ ያስከበሩት ግን እርሳቸው ነበሩ። የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን፤ ክርክሩን በደስታ እንጠብቃለን።